ስም ጠሪ

ስምንተኛ «ለ» ነን፤ ሰባ አንድ ነፍስ ባንድ ጣራ፣
የሐይቁ ነፋስ በመስኮት ገብቶ ደብተር ሲገልጥ ተራ በተራ።
እኔ ሉባባ አለቃ ነኝ፤ ፊሽካ ባንገቴ፣ ጠመኔ በእጄ፤
ትንፋሽ የሰማሁ እንደሁ ስም እጽፋለሁ፣ ሳልጠይቅ ፈርጄ።
ሰሌዳው ግራ ጥግ ላይ «በጥባጭ» የሚል ርዕስ አለኝ፤
ከሥሩ ስም ሲደረደር፣ ምን ልደብቅ፣ ደስ ይለኝ።
ቲቸር አንዱዓለም ሲገባ የዝንብ ክንፍ ይሰማል፤
«ጎበዝ አለቃ!» ይለኛል፤ ጆሮዬ ገና ይጠማል።

ከሁሉም ግን ፍሬው ነበር የሰሌዳዬ ነዋሪ፤
ሁሌ አርፋጅ፣ ሁሌ አንቀላፊ፣ ሲነቃም ቀልድ ፈጣሪ፤
ክንዱ ላይ የአሣ ቅርፊት ደርቆ እንደ ሣንቲም የሚያብረቀርቅ፤
አሥራ አራት ጊዜ ጻፍኩት፣
ከየት እንደሚመጣ ሳልጠይቅ።

በሚያዝያ፣ ማክሰኞ ለታ፣ የፍሬው አባት አረፉ።
የቅሬው ጠሪ በየመንደሩ ጮኸ፤ ሱቆች ባንዴ ተቆለፉ።
ከእናቴ ጋራ ሄድኩኝ። ወንዶቹ ዶማ ይዘው ወደ መቃብሩ ወጡ፤
ሴቶቹ እንጨት አወረዱ፤ ሽማግሌዎች ድንኳን ጥግ ተቀመጡ።

ያኔ ነው ጋሽ አረቡን ያየሁት፣ የቅሬያችንን ዳኛ፤
ፊሽካ የለው፣ ዱላ የለው፤ ብታዩት አንድ መንገደኛ።
ከጥምጣሙ ሥር ስባሪ እርሳስ መዘዘና ምራቁን አስነካ፤
ስም ይጠራ ጀመር፤
እኔ የማውቀው ስም ጥሪ አይደለም ለካ።

«ሀዋ ይማም?»
«አራስ ናት።»
«ይቅርላት። ገንፎ ያደረሰላት አለ?»
ዝም።
«ጥላሁን እምሩ?»
«ወገቡን ይዞት ተኝቷል።»
«ማን ጠየቀው? ማሳውስ ታረሰለት፣ ወይስ እንዲሁ ዋለ?»
«አሊ ሙሄ?»
«የለም። ምክንያቱን አናውቅም።»
«አምስት ብር ይቀጣ።
ደጁን ግን የሚያንኳኳ አንድ ሰው አሁኑኑ ከዚህ ይውጣ።»

በመጨረሻ ደብተሩን ለአንድ ጎረምሳ አቀበለ፤
ልጁ «አረቡ ይመር?» ሲለው ቆሞ «አለሁ፤ ግን አርፍጃለሁ» አለ፤
ከኪሱ ሁለት ብር ቆጥሮ ሰጠ።
ማንም አልሳቀም።

ማታ መብራት ጠፋ፤ በሞባይል ባትሪ ደብተሬን ገለጥኩት፤
ፍሬው፣ ፍሬው፣ ፍሬው... አሥራ አራቱን ባንድ ጣት ዳሰስኩት።
ሌሊቱን መረብ ይዞ ታንኳ ላይ ያድር ኖሯል፣ አባቱ ከተኙ ወዲህ፤
ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ፣ ስሙን አብዝቼ የጻፍኩት።
ማስመሪያ አነሣሁና ከጎኑ መስመር አሰመርኩ፤
ከላይ «ለምን?» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲያ ቀለለ እንዳትሉ።
ሰኞ ዞሬ ብጠይቅ «ሉባባ ጋዜጠኛ ሆነች» ብለው ሳቁ ሁሉ፤
ክፍሉ ገበያ ሆነ። ቲቸር አንዱዓለም ወረቀቴን አየና
«ምክንያት ማን ጠየቀሽ? ስም ነው ያልኩሽ!» አለ፣ መዳፌን በልምጭ ጠበሰና።
እሱም ምን ያድርግ፤ የሱንስ «ለምን» ማን ጠይቆት ያውቃል?

ከኋላ ዴስክ ሰዓዳ ብቻ «ሰሌዳው አይታየኝም» አለች፣ በሹክሹክታ፤
ዓመት ሙሉ «ለፍላፊ» ያልኳት ከጎኗ ስትለምን ነው ለካ፣ የቃል ውለታ።
የፊቱን ቦታዬን ለቀቅኩላት። ከኋላ ገባሁ።

ፍሬው በሳምንቱ መጣ፤ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ አርፍዶ።
በሩ ላይ ቆምኩ። እሱም ቆመ፤ መጻፌን ጠብቆ፣ ለምዶ።
«አብሽር» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።
ወረቀቱን ሰጠሁት።

ሰባውን ስም ጠራ፣ ድምፁ እየጎረነነ፤ መጨረሻ ላይ ቀና አለና
«ያንቺስ? እዚህ የለሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ራሴን ጽፌ አላውቅምና።
«ሉባባ?» አለ።
«አለሁ።»

ፊሽካው? አልጣልኩትም፤ ዋሽቼ ምን ላተርፍ።
ኪሴ ውስጥ ነው። ክፍሉ ሲንጫጫ እጄ ሳላዘው ይሄዳል፤
ጫፉን ይነካል፤
ይመለሳል።
አንዳንድ ቀን አይመለስም።